ያውቁ ኖሯል? ጀጎልና የከተሜ ሰው እፎይታ

ከሸዋ በር ተነስተው የሐረርን አሮጌ ከተማ ጀጎልን በእግርዎ ሰንጥቀው ኤረር በር ለመድረስ ሩብ ሰዓት ገደማ እንደሚበቃዎት ያውቁ ኖሯል? መንገድ ላይ የሚያውቁት ሰው ከበዛና ሰላምታው ከረዘመ ግን ግማሽ ሰዓትም አይበቃም። የዛሬው ዓምዳችን ጉዳይ ሁለቱም ናቸው፤ የመንገዱ ማጠርና የሰላምታው መርዘም። ከተማ ሰውን የሚያስጨንቀውም የሚያሳርፈውም በአብዛኛው በእነዚህ በኩል ነው። (በውጭው አቆጣጠር የጻፍነውን ዓመት «እ.ኤ.አ.» ብለነዋል፤ የቀረው በእኛው አቆጣጠር ነው።)

በግንቡ የታጠረው ጀጎል ስፋቱ 48 ሄክታር ብቻ ነው። በዚያች መሬት ላይ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ (የቅዱሳን መታሰቢያ) ቦታዎች ይገኛሉ፤ ከመስጊዶቹ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበሩ ናቸው ይባላል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የተመለከተው ግንቡን ብቻ አልነበረም። የመንገዱ አሠራር፣ የቤቱ አከፋፈልና በውስጡ የሚኖረው ሰው ልማድ አብሮ ተቆጥሯል።

በፓሪስ የሚያስተምሩት የኮሎምቢያ ተወላጁ ካርሎስ ሞሬኖ በ2016 እ.ኤ.አ. «የ15 ደቂቃ ከተማ» የሚለውን ሐሳብ ማስተዋወቃቸውን ሰምተው ይሆናል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰው ገበያውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ሐኪሙን፣ ጸሎት ቤቱንና ዘመዱን በሩብ ሰዓት የእግር ወይም የብስክሌት መንገድ ውስጥ ያግኝ፤ ቀኑን ትራንስፖርት ሲጠብቅ አይፍጀው። የፓሪስ ከንቲባ የነበሩት አን ኢዳልጎ በ2020 እ.ኤ.አ. የምርጫ ዘመቻቸው ውስጥ አስገቡት፤ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ይጠቀሳል። የአቦከር ሰው ይህን ሲሰማ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ጠዋት ፈረስ መጋላ አደባባይ፣ ቀትር ላይ ሶላት፣ ከሰዓት ልብስ ሊያሰፋ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር፣ ማታ ሐዘንተኛ ሊጠይቅ፤ ይህ ሁሉ በእግር ነው። ለነገሩ አቦከር ከሐረሪ ክልል ዘጠኝ ወረዳዎች አንዱ ነው። 

ግንቡን በዛሬው መልኩ ያቆሙት በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከተማዋን ያስተዳድሩ የነበሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንደሆኑ የአገሩ ሰው ይተርካል። ጥንት የነበሩት በሮች አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ሐረሪው ደግሞ አስመዲን በሪ፣ በድሮ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ አሱም በሪ ይላቸዋል። መኪና የሚገባበት ሐረር በር የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። አምስቱ በሮች ከተማዋን በአምስት ሰፈር ይከፍሏት ነበር፤ ክፍፍሉ ዛሬ በሥራ ላይ ባይሆንም የሰፈሩ ስም ከሰው አፍ አልጠፋም። በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እንደጻፈው፣ ሲመሽ የበሮቹ ቁልፍ ለአሚሩ ይሰጥ ነበር። እስኪነጋም የሚወጣም የሚገባም አልነበረም።

መንገድ ማጣት ልብን ያስጨንቃል። አሜሪካዊው ኬቨን ሊንች በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የቦስተን፣ የጀርሲ ሲቲና የሎስ አንጀለስ ነዋሪዎች ከተማቸውን በልባቸው እንዴት እንደሚስሏት መርምረው ነበር። ሰው ከተማውን በልቡ የሚይዘው በአምስት ነገሮች መሆኑን ጽፈዋል፤ በመንገዶች፣ በዳርቻዎች፣ በሰፈሮች፣ ሰው በሚገናኝባቸው ቦታዎችና ከሩቅ በሚለዩ ምልክቶች። አሁን ጀጎልን ያስቡ። መንገዱ ከየበሩ ወደ መሐል ይገባል፣ ዳርቻው ግንቡ ነው፣ ሰፈሩ በየበሩ ስም ይጠራል፣ መገናኛው ፈረስ መጋላ ነው፣ ምልክቱ የጃሚዕ መስጊድ ሚናራና የአሚር ኑር መቃብር አረንጓዴ ጉልላት። በግንቡ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መንገዶች ከ360 በላይ ናቸው ይባላል፤ እንግዳ ሰው መጥፋቱ አይቀርም። ግንቡ ግን ሩቅ አይደለም። ጥቂት ከሄደ ወይ ግንቡን ያገኛል ወይ ወደ ዋናው መንገድ ይወጣል፤ ያም ባይሆን በየደጃፉ የሚጠይቀው ሰው አያጣም። ተመሳስለው በተደረደሩ አዳዲስ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መካከል የራሱን ብሎክ ፍለጋ የተንከራተተ ሰው ይህ ስንት እንደሚያወጣ ያውቀዋል።

የመንገዶቹ ጥበት ድህነት ወይም ኋላ ቀርነት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እስቲ እኩለ ቀን ላይ ከዋናው መንገድ ወጣ ብለው ወደ አንዱ ጠባብ መንገድ ይግቡ። ግራና ቀኝ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የግቢ ግንብ ነው፤ ኖራ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ የተቀባ። ፀሐይ ወደ ታች የምትዘልቀው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ከአንዱ ወገን ሁልጊዜ ጥላ አይጠፋም። እንጨት የጫነ አህያ ከፊት ከመጣ ወደ ግድግዳው ይጠጋሉ፣ ኖራው እጅጌዎን ነጭ ያደርገዋል። እሽግ የተሸከመች ሴት መንገዱ ሰፋ የሚልበት ቦታ ላይ ቆማ ታሳልፍዎታለች፤ ሰላም ሳይባባሉ መተላለፍ ነውር ነው። ድምፅ የሚባለው የልጆች ጨዋታ፣ የሙቀጫ ምት፣ ከግቢ ውስጥ የሚሰማ ወሬ ነው።

ከእነዚህ መንገዶች እጅግ ጠባቧን የሐረር አስጎብኚዎች «የእርቅ መንገድ» ይሏታል። የተኳረፉ ሰዎች ፊት ለፊት ከተገናኙባት ሳይነጋገሩ ማለፍ አይችሉም፣ ስለዚህ ይታረቃሉ ይባላል።

መንገድና ወዳጅነት የሚገናኙ መሆናቸው በጥናት መረጋገጡንስ ያውቁ ኖሯል? ዶናልድ አፕልያርድ የተባሉ የከተማ ፕላን ምሁር በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሦስት ተመሳሳይ መንገዶች መርጠው የነዋሪዎቹን ኑሮ አጠኑ። በአንዱ በቀን 2,000 ያህል፣ በሁለተኛው 8,000፣ በሦስተኛው 16,000 መኪና ያልፋል። መኪና በማይበዛበት መንገድ የሚኖር ሰው በአማካይ 3 ወዳጆች ነበሩት፤ መኪና በሚበዛበት የሚኖረው አንድ እንኳ አልሞላም፣ 0.9 ነው። የመኪናው ብዛት ሰዉን ወደ ቤቱ ገፍቶ አስገብቶታል፤ ደጃፍ ላይ መቀመጥ ቀርቷል፣ ልጆችም ከመንገድ ጠፍተዋል። በአገራችንም በሰፈር ውስጥ መንገድ ሲሰፋ ዕድገት እንለዋለን። ስንት ሰው ከደጃፉ እንደተነሳ የሚቆጥር ግን የለም። ይህ ሊቆጠር ይገባዋል።

የሞሮኮዋ ፌስ አሮጌ ከተማ በመኪና የማይገባባቸው ከሚባሉት የዓለም ከተሞች ትልቋ ናት ይባላል፤ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የዓለም ቅርስ ናት። ኮፐንሃገን ስትሮየት የተባለውን ዋና የገበያ መንገዷን በ1962 እ.ኤ.አ. ለእግረኛ ብቻ ስታደርግ ነጋዴዎቹ እንከስራለን ብለው ጮኸው ነበር፤ አልከሰሩም። የስፔኗ ፖንቴቬድራ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ መሐል ከተማዋን ለእግረኛ ሰጥታለች። እኛም ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» ብለን ዋና ዋና ጎዳናዎችን ለጥቂት ሰዓት ከመኪና ነጻ ማድረግ ጀምረን ነበር። ሕፃናት በአስፋልት ላይ ብስክሌት ሲነዱ፣ አዋቂዎች ሲሮጡ ያየ ሰው አይረሳውም። በጀጎል ጠባብ መንገዶች ያ ቀን የዘወትር ነው።

መኪና ሲመጣ ድምፅም አብሮ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከመንገድ ትራፊክ የሚመጣ ድምፅ በአማካይ ከ53 ዴሲቤል፣ ሌሊት ደግሞ ከ45 ዴሲቤል በታች ይሁን ብሏል። ከዚያ በላይ ሲሆን እንቅልፍ ይታወካል፣ ልብና የደም ሥር ይጎዳል። የጀጎል ቤት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አለው፤ በእርሱና በመንገዱ መካከል ደግሞ ግቢ አለ። ከግንቡ ውጭ ያለችው አዲሷ ሐረር ይህ መከላከያ የላትም። ሰማያዊዎቹ ፔዦ 404 ታክሲዎች የከተማዋ መለያ ሆነው ኖረዋል፤ ዛሬ መንገዱን የሞላው ባጃጅ ነው። ጥሩምባውም እንዲሁ።

አሁን ወደ ቤት እንግባ፤ እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ። የሐረሪ ቤት ዋና ክፍል ወንበር የለውም፣ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ ነደባ ይባላሉ። ቁጥራቸው አምስት ነው። አሚር ነደባ የአባወራው ወይም የሽማግሌው ቦታ ነው፤ ከዚያ የተቀመጠ ሰው በበሩ የሚገባውን ሁሉ ያያል። ጊዲር ነደባ ሰፊው ነው፣ እንግዳና ቤተሰብ ይሰበሰብበታል። ቲት ነደባ ትንሹ ነው። ሱትሪ ነደባ ከለል ያለ ነው፣ ይተኛበታል። ገብቲ አሄር ነደባ ከበሩ ጀርባ ነው። ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል፤ በግድግዳው ውስጥ ለመጽሐፍና ለዕቃ የተፈለፈሉ መስኮት መሰል ማስቀመጫዎች አሉ፤ በላዩ ላይ ሴቶቹ የሰፏቸው ባለ ቀለም ሙዳዮችና ሰፌዶች ይሰቀላሉ።

ነገሩን ከእፎይታ አንጻር ያስቡት። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁሉም ሰው የራሱ ቦታ አለው። ብቻውን መሆን የፈለገ ሱትሪ ነደባ ላይ ይሄዳል፣ ከሰው መቀላቀል የፈለገ ጊዲር ነደባ ላይ ይቀመጣል፤ ግድግዳ ግን አልቆመባቸውም፣ እርስ በርስ ይሰማማሉ። ጠባብ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው ሲኖር የሚያስጨንቀው ፈልጎ መቀላቀል፣ ፈልጎም መለየት ሲያቅት ነው። የድሮው ባለሙያ ይህን ችግር በመደብ ከፍታ ፈታው። ዛሬ ባለ ስድሳ ካሬ ሜትር ቤት የሚነድፉ አርክቴክቶቻችን ሐረር ሄደው አንድ ከሰዓት በኋላ በነደባ ላይ ቢቀመጡ የሚማሩት አያጡም።

ቤቱ በቀጥታ በመንገድ ላይ አይከፈትም። ከመንገዱ ወደ ግቢው በር፣ ከግቢው በር ወደ ጋራው ግቢ፣ ከግቢው ወደ ቤት ይገባል፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሦስት ቤት ሊኖር ይችላል። ኦስካር ኒውማን የተባሉ አርክቴክት በ1972 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ ስለዚሁ ነበር። ከአደባባይ ወደ ጓዳ የሚደረገው ሽግግር ደረጃ በደረጃ የሆነበት ሰፈር ደኅንነቱ የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም ነዋሪው «ይህ የኔ ነው፣ ያ የጋራችን ነው» ብሎ ያውቃል፤ እንግዳ ፊት ሲያይም ይጠይቃል። መቶ ቤተሰብ በአንድ ደረጃ ወጥቶ በሚወርድበት ሕንፃ ውስጥ ማን የማን እንግዳ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

በጀጎል ጥቂት ቤቶች ሲሰባሰቡ ቶያ ይሆናሉ። ቶያው ብዙ ጊዜ መስጊድ ወይም የአውልያ ቦታ ይኖረዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ አፎቻ አለ፤ በሐዘንም በሰርግም የሚደርሰው ማኅበር፣ የወንድም የሴትም። አማራው፣ ኦሮሞውና ጉራጌው በእድር የሚያደርገውን ሐረሪው በአፎቻ ያደርጋል። ሲድኒ ዋልድሮንና ፒተር ኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. አፎቻን በነዋሪውና በአስተዳደሩ መካከል ያለ ድልድይ አድርገው አንድ ጥናት ጽፈውበታል።

ይህ ከከተማ ፕላን ጋር ምን አገናኘው ቢሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ኮሚሽን በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በብቸኝነት ይጎዳል፤ በዓመትም ከ871,000 በላይ ሞት ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ሰፈር ሲነሳ ነዋሪው ምትክ ቤት ይሰጠው ይሆናል። እድሩ ግን በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ቡና የሚያጣጡት እናቶች አንዷ የካ፣ አንዷ አቃቂ ትሆናለች። ሰፈር የሚያፈርስ ፕላን ሲወጣ እድርን ወይም አፎቻን እንዳለ አንድ ላይ ማዛወር በሕግ ግዴታ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ የሰው ሕይወት ነው።

መቀመጫም መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ዚምባብዌያዊው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 እ.ኤ.አ. «የወዳጅነት አግዳሚ» የተባለውን ሥራ በሐራሬ ጀመሩ። በጤና ጣቢያዎች ግቢ ውስጥ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ፤ የሠለጠኑ አያቶች በላዩ ተቀምጠው የተጨነቀ ሰው ያዳምጣሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ምርመራ በአግዳሚው የታከሙት ሰዎች የጭንቀትና የድባቴ ምልክት ከሌሎቹ በጣም መቀነሱን አሳይቷል። አያቶቹ የሐኪም ዲግሪ የላቸውም። ያላቸው ጊዜና የሚቀመጡበት ቦታ ነው።

ንጽሕናም እፎይታ ነው። ሐረር ከጅቦቿ ጋር ያላት ኑሮ በዓለም ዘንድ እንደ ትርዒት ይታወቃል። ትርዒቱ የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በግንቡ እግር ሥር ጅብ ጎንበስ ብሎ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ሐረሪው ወራባ ኑዱል ይላቸዋል። ጅቦቹ ሌሊት በእነሱ ገብተው ከሥጋ መሸጫውና ከየደጃፉ የተጣለውን አጥንትና ትርፍራፊ ጠራርገው ይወጣሉ። በአሹራ በዓል ደግሞ ገንፎ ይቀርብላቸዋል። ሲነጋ መንገዱ ንጹሕ ነው። ይህ ሥራ ስንት እንደሚያወጣ በሐረር ሳይሆን በመቀሌ ተሰልቷል። በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት መሠረት የመቀሌ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ሬሳ ያስወግዳሉ፤ በዚህም በሰው ላይ 5፣ በከብት፣ በበግና በፍየል ላይ 140 የአባ ሰንጋና የሳንባ ነቀርሳ ሕመሞችን ያስቀራሉ ተብሎ ተገምቷል። የቆሻሻ ሽታና ዝንብ የከተማን ሰው ምን ያህል እንደሚያማርር ለሚያውቅ አንባቢ፣ ግንቡን ሲሠሩ ለጅብ በር የተዉትን ሰዎች ጥበብ ማድነቅ አይከብድም። ዛሬ ግን ፕላስቲክ በዝቷል፣ ጅብ ደግሞ ፕላስቲክ አያነሳም።

ጀጎል ጉድለት የለውም ማለት ግን አይቻልም። ዛፍ ያንሰዋል። ከአውልያ ቦታዎች አንዳንዶቹ በትልልቅ ዛፍ ሥር ናቸው፣ በየግቢውም አልፎ አልፎ ዛፍ ይታያል፤ ከዚያ ውጭ ሁሉም ድንጋይና ኖራ ነው። ድሮ አረንጓዴው ከግንቡ ውጭ ነበር። ሐረሪው ቤቱ በጀጎል፣ የቡናና የፍራፍሬ አትክልቱ ከበሩ ውጭ ነበር። በምሥራቅና በደቡብ በኩል እስከ ዛሬ ሜዳውና ኮረብታው ይታያል፤ ሐኪም ጋራ ከፊት ቆሟል፣ ራቅ ብሎ ኮንዱዶ ተራራ። በሌላው ወገን አዲሱ ከተማ ግንቡ ድረስ መጥቷል።

ዛፍ ማየት ብቻውን ሕመም እንደሚያቀል ያውቁ ኖሯል? ሮጀር ኡልሪክ በ1984 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጥናት በፔንሲልቫንያ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ አነጻጸሩ። ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ ያዩ ነበር፣ ግማሾቹ የሸክላ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት ቀድመው ወጡ፤ የወሰዱት ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝ ወደ 20,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት በሳምንት 120 ደቂቃ በተፈጥሮ መካከል የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናቸውም ደስታቸውም የተሻለ መሆኑን አገኘ። ሴሲል ኮናይነንዳይክ የተባሉ የከተማ ደን ባለሙያ በ2021 እ.ኤ.አ. ይህን ሁሉ በሦስት ቁጥር ጠቀለሉት፤ ከቤትዎ ሆነው 3 ዛፍ ይታይዎት፣ ሰፈርዎ 30 በመቶ በዛፍ ጥላ ይሸፈን፣ ቅርብ ያለው መናፈሻ ከ300 ሜትር አይራቅ። በአገራችንም የከተማ ፕላን ባለሙያዎች የሚያነሱት ደንብ አለ፤ ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶው ለግንባታ። በወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው።

ዛፍና መንገድ አብረው እንዴት እንደሚኖሩ ለማየት ሩቅ አገር አይሂዱ። ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ ስትቆረቆር ከዚራ የተባለው ሰፈር በቀጥታ መንገድና በጥላ ዛፍ ተነድፎ ነበር። በዚያ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ሰው በእግሩ የሚንሸራሸረው ስለዛፎቹ ነው። ሴኡልም በመሐሏ የነበረውን ከፍ ያለ የመኪና መንገድ አፍርሳ ከሥሩ የተቀበረውን የቾንግጌቾን ወንዝ በ2005 እ.ኤ.አ. ስትከፍት፣ የወንዙ ዳርቻ ከአጠገቡ ካለው መንገድ ከ3 እስከ 6 ዲግሪ ቀዝቅዞ ተገኝቷል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የወንዝ ዳርቻ ልማት ያወጀችው በዚሁ ተስፋ ነው።

ስለ ውኃ ከተነሳ የሐረር ሰው የሚያውቀው ሌላ ጭንቀት አለ። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲደርቅ ከተማዋ የምትጠጣው ምንጭ ጠፋባት። ጀሪካን ይዞ መሰለፍ፣ በውድ መግዛት፣ ሌሊት ተነስቶ ቧንቧ ማዳመጥ፣ ይህ ሁሉ የእናቶች ሥራ ሆነ። በኋላ ከድሬዳዋ አካባቢ ከሚገኙ ጉድጓዶች በቧንቧ ውኃ መጣ። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ እንደገና ውኃ መያዝ መጀመሩ ለመላው ሐረርጌ የምሥራች ነው። መናፈሻና አግዳሚ ከመባሉ በፊት ቧንቧው የማይቋረጥ መሆን አለበት፤ ነገ ውኃ ይመጣ ይሆን እያለ የሚተኛ ሰው የትኛውም አበባ አያሳርፈውም።

ከተማ በአንጎል ላይ የሚተወው ምልክት በመሣሪያ መታየቱንስ? በ2011 እ.ኤ.አ. ኔቸር ላይ የወጣ የጀርመን ተመራማሪዎች ሥራ ሰዎችን በአንጎል ምስል ማንሻ ውስጥ አስገብቶ፣ ጊዜ እየተቆጠረባቸውና እየተወቀሱ ከባድ ሒሳብ አሠራቸው። በትልቅ ከተማ የሚኖሩት ሰዎች ፍርሃትን የሚያስተናግደው የአንጎላቸው ክፍል ከገጠሬው ይበልጥ ተቀሰቀሰ፤ በከተማ ያደጉትም በሌላው ክፍል የራሳቸው ልዩነት ታየባቸው። ተመራማሪዎቹ ጥርጣሬያቸውን የጣሉት በማኅበራዊ ጫና ላይ ነው። በሰው ብዛት መካከል የሚያውቅህ ማጣት፣ በራስህ ቦታና ጊዜ ላይ አለማዘዝ። አፎቻና ነደባ የሚያክሙት ደግሞ ይህንኑ ነው።

ሰውን ከሰው የሚያገናኘው ሌላው ነገር በዓል ነው፤ የሐረሪዎቹ ሹዋሊድ በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ከረመዳን ማግሥት የሚጾመው ስድስት ቀን ሲያበቃ የሚከበረው ይህ በዓል አደባባይ የሚፈልግ በዓል ነው፤ ሰው ተሰብስቦ የሚዘምርበት ቦታ ከሌለ በዓሉም አይኖርም። ከበዓላቱ በፊት ግድግዳውን አዲስ የሚቀቡት በአብዛኛው የቤቱ ሴቶች ናቸው፤ መንገዱ በሙሉ አዲስ ልብስ እንደለበሰ ይታያል።

በቅርብ ዓመታት የኮሪደር ልማት ሐረር ደርሷል። የጀጎል መንገዶች በድንጋይ ተነጥፈዋል፣ መብራት ገብቷል፣ ማታ በእግር የሚወጣው ሰው በርክቷል። ይህ በጎ ሥራ ነው። የጎደለውን መናገር ደግሞ የነዋሪው ድርሻ ነው። አዲስ የሚነጠፈው መንገድ ሁሉ ጥላና መቀመጫ ይኑረው። ከግንቡ በምሥራቅና በደቡብ ያለው ባዶ መሬት ሕንፃ አይቁምበት፣ ዛፍ ይተከልበት። ጠባቡ መንገድ ለባጃጅ ሲባል አይስፋ። ከግንቡ ውጭ አዲስ ሰፈር ሲነደፍ አፎቻው የሚሰበሰብበት ግቢ በፕላኑ ላይ ይሰመር። እርስዎም የአቦከር ነዋሪ ከሆኑ፣ ወረዳው በሚቀጥለው ጊዜ በልማት ጉዳይ ስብሰባ ሲጠራ አይቅሩ፤ ፕላኑ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ቀርበው «ዛፉ የቱ ጋ ነው? አግዳሚውስ?» ብለው ይጠይቁ።